ሙቀት የሌለው ጭስ

በእኛ መንገድ ሰው ማለዳ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያየው ሰማዩን አይደለም፤ የጎረቤቱን ጭስ ማውጫ ነው። ጭስ ካለ ሰው አለ። ጭስ ከሌለ ኮትህን ደርበህ ትሄድና በሩን ትገፋለህ። ይህን ማንም አላስተማረንም፤ አባቶቻችን ሲያደርጉት አይተን ነው። ባለቤቴ ኤርሚን ከሞተች ወዲህ ብቻዬን ስለምኖር፣ እኔም ማለዳ ምድጃዬን የምለኩሰው ለሙቀቱ ብቻ አይደለም። ማዶ ያለው ክሎቪስ እንዳይደነግጥ ብዬም ነው።

ክሎቪስ ከመንገዱ ባሻገር፣ በወንዙ በኩል፣ ከታላቅ እህቱ ከፍሎሪን ጋር ይኖራል። ሁለቱም አላገቡም። እሱ ዕድሜውን በጫካ ግንድ ሲቆርጥ፣ እሷ የቄሱን ቤት ስታስተዳድር አረጁ፤ አሁን መጥረቢያውን ከተወ ቆይቷል። ስኳር በሽታው እግሯን ከያዛት ወዲህ ከወንበሯ ብዙም አትነሳም። በየወሩ ነርሷ እየመጣች ታያታለች።

በዚያ ጥር ብርዱ ክፉ ነበር። ድንበራችን የሆነው ወንዝ ከእኛ ከአሜሪካ ዳር እስከ ካናዳ ዳር ረግቶ፣ በግድግዳ ውስጥ ያለው ምስማር ሲጮህ ይሰማ ነበር። የክሎቪስ ጭስ ግን አንድም ቀን አልቀረም። ወፍራም፣ ነጭ ጭስ። አየውና «ደህና ናቸው» ብዬ ወደ ሻዬ እመለሳለሁ።

ያላየሁት ጣሪያውን ነው። አይቼዋለሁ፤ ልብ አላልኩትም። በእኔ ጣሪያ ላይ ያለው በረዶ ከወጥ ቤቱ በላይ ቀልጦ ከጠርዙ እንደ ጦር ተንጠልጥሏል። በክሎቪስ ጣሪያ ላይ ግን እንደወረደ ተቀምጧል፣ እሳት የማይነድበት የድንች ጎተራ ጣሪያ ይመስል። «ሙቀቱ እንዳይወጣ ኮርኒሱ ላይ ጥጥ አስገብቶ ይሆናል፤ ብልህ ሰው ነው» አልኩ ለራሴ። አንድ ቀን ነዳጅ ማደያው ጋ ቢጫ ጀሪካን ይዞ አገኘሁት። «ለትራክተሩ ነው» አለኝ። ትራክተሩን በመከር ጊዜ እንደሸጠው አውቃለሁ። የሰው ጀሪካን የእኔ ጉዳይ አይደለም።

ነገሩን የጠረጠርኩት ለቤት ማሞቂያ የሚሆነውን ናፍጣ የሚያድለው ቦቴ የመጣ ቀን ነው። ቦቴው ሲቀዳ ምድር ቤት ያለው በርሜል ያፏጫል፤ አየሩ ነው የሚወጣው። ፉጨቱ ለመንገዱ ሁሉ ይሰማል። ማን እንዳስሞላ፣ ማን ጥቂት አስቀድቶ እንደተወ በጆሯችን እናውቃለን። ያን ቀን እኔ ቤት አፏጨ፤ ወዲያው ዝም አለ። ድርጅቱ ከሚሸጠው ሁሉ ትንሹን ልክ ነው የምገዛው። እሱም ከጡረታዬ ግማሹን ይበላል። ሹፌሩ ቱቦውን ሲጠቀልል፦

«ቀጥሎ ክሎቪስ ነው?» አልኩት።

«ክሎቪስ? ኧረ ጋሼ፣ ዘንድሮ እዚያ በር ላይ ቆሜ አላውቅም። ሌላ ድርጅት የያዘ መስሎኝ ነበር።»

በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሌላ ቦቴ የለም። ሹፌሩ ሄደ። ቆሜ ጣሪያውን አየሁት።

የዶሮ ሾርባ በድስት ይዤ ተሻገርኩ። ክሎቪስ ሲመጣብኝ አይቶ በረንዳው ላይ ጠበቀኝ፤ በሩን ከኋላው ስቦታል።

«ምን ፈለግህ?»

«ሾርባ ተርፎኝ ነው።»

«ላንተ? ኤርሚን፣ ነፍሷን ይማር፣ ሳህኑን ትልሰዋለህ ትል አልነበር?»

«በረንዳ ላይ ልታስቀረኝ ነው?»

«ፍሎሪን ተኝታለች።»

«አልተኛሁም!» አለ ከውስጥ ድምፅ። «ኦኔዚም ነው? ውጭ ቆሞ ከሚያነፈንፍ ይግባ።»

ገባሁ። የመጀመሪያው ነገር ትንፋሼን አየሁት። በባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ ስስ በረዶ ይዟል። ፍሎሪን ከእንጨት ምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች፤ የክሎቪስን የጫካ ኮት ለብሳ፣ ኮፍያ አድርጋ፣ ብርድ ልብስ ደርባ። ምድጃው ላይ እጄን አሳረፍኩ። ለብ ያለ እንኳ አልነበረም። በጎኗ አንድ ቅርጫት አለ፣ በተጠማዘዘ ጋዜጣ የተሞላ። እኔ ስገባም እጇ ሥራውን አላቆመም፤ ጋዜጣ ትጠማዝዛለች።

ያን ጊዜ ገባኝ። በክሎቪስ ላይ ዞርኩበት።

«አንተ ሰውዬ፣ እህትህን ልትገድላት ነው?»

«እሱን ተወው» አለች ፍሎሪን። «ጭሱ የእኔ ሐሳብ ነው። ማለዳ አንድ እፍኝ ጋዜጣ፣ ከላዩ እርጥብ ቅርፊት። ቅርፊቱ ነው ነጭ የሚያደርገው። አያምርም?»

«ያምራል።»

«አይተህ ደህና ናቸው ብለሃል?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲህ ሠርቷል።»

«ነርሷ ስትመጣስ? እሷም ጭስ ታያለች?»

ክሎቪስ ወደ ጠረጴዛው አገጩን ቀሰረ። «ያን ቀን ወንበር እናነዳለን» አለ። በዚያ ትልቅ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁለት ወንበር ብቻ ቀርቷል። «ቤቱ ይቀዘቅዛል ብላ ከጻፈች ወደ መጦሪያው ይወስዷታል። ከዚያ ወጥቶ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ታውቃለህ?»

አላውቅም። ኤርሚንም አልተመለሰችም።

«ሐሙስ ሐሙስ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይመዘግባሉ» አልኩ። «ገቢው ትንሽ ለሆነ ሰው የናፍጣውን ይከፍላሉ። ሁሉም ያውቀዋል። እትዬ ፍሎሪን፣ አንቺም ታውቂዋለሽ።»

ጋዜጣውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ድንቹ በበሰበሰበት ዓመት» አለች፣ «አባቴ ከከተማው ዱቄትና እንጨት ተቀበለ። መጋቢት ላይ የከተማው ስብሰባ ሲሆን ከከተማው የተረዱትን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ጮክ ብለው አነበቡ። የሱም ተነበበ። ከኋላ ተቀምጬ ነበር። አንድ ሰው ተነሳና፣ ‹ይህ ሁሉ ዱቄት ለምኑ ነው? ፈረስ ነው እንዴ የሚቀልበው?› አለ። አዳራሹ ሳቀ። ሰውየው ማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። ግን አስተያየቷ ነገረኝ።

«አባትህ ነው» አለች። «ቂም የለኝም። ሞቷል፤ ነፍሱን ይማር። ግን የሱ ልጅ ቤቴ መጥቶ ተመዝገቢ ሲለኝ አንድ ነገር ልጠይቀው እችላለሁ። አንተ ተመዝግበሃል?»

«እኔን አልቸገረኝም።»

«ኮፍያ አድርገህ ነው የምትተኛው። ክሎቪስ በመስኮት አይቶሃል።»

«ሁለት ኮፍያ» አለ ክሎቪስ።

«እንግዲህ» አለች ፍሎሪን፣ «መጀመሪያ ያንተ ስም ይጠራ። ከዚያ መጥተህ ታነጋግረኛለህ።»

የያዝኩትን ሾርባ ምድጃቸው ላይ ማሞቅ አልተቻለም። ወደ ቤቴ ተመልሼ ካለኝ እንጨት በሸርተቴ ጎትቼ አመጣሁላቸው። እስከ ሐሙስ የሚያደርስ ነበር፤ ከዚያ የሚያልፍ አልነበረም።

ሐሙስ ክሎቪስን በመኪናዬ ይዤው ሄድኩ። አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ አልወርድም አለ። «እህቴ ያለችው አንተ እንድትገባ ነው» ብሎ እጁን አጣጥፎ ቀረ።

በዚያ አዳራሽ ለሠርግና ለቀብር ምሳ እንጂ ለሌላ ገብቼ አላውቅም። ወንበሮቹ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። የማላውቀው ሰው አልነበረም። ከእኔ ጋር በድንች ጎተራ የሠራው ሬያል ጥግ ይዞ ተቀምጧል።

«ኦኔዚም! ማን ሞተ?»

«ማንም።»

«ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ? አንተ እኮ ጠበሉንም በነጻ አትቀበልም።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሰው አየኝ፤ ከዚያ ወደ ጫማው አየ። እኔም ከዚህ በፊት በዚህ በር የሚገቡትን ሳይ እንዲሁ ነበርኩ፤ አይና ፊቴን አዞራለሁ። ምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ከዚያ ጠረጴዛው ጋ ያለችው ልጅ ቀና ብላ፦

«ኦኔዚም ዴግል!» ብላ ጮኸች።

ግድግዳው ላይ በተሰቀለው መስቀል ያለው ክርስቶስ እንኳ ስሜን የሰማ መሰለኝ። ተነስቼ ሄድኩ። ከማን ጋር እንደምኖር፣ ምን እንደማገኝ፣ በርሜሌ ውስጥ ምን እንደቀረ ጠየቀችኝ። መለስኩ። አንገቷን ነቀነቀች።

«አባባ፣ እስከ ዛሬ የት ነበሩ? አምናም ካቻምናም ይገባዎት ነበር።»

«ቤቴ ነበርኩ።»

«ማሞቂያውን ስንት ላይ ነው የሚያደርጉት?»

«ኮፍያ ላይ።»

አልሳቀችም። ጻፈችና «ሌላ የሚጠይቁት አለ?» አለችኝ።

«ስማችን መጋቢት ላይ ይነበባል?»

«የት ነው የሚነበበው?»

«በከተማው ስብሰባ። ድሮ ያነቡ ነበር።»

አፏን ከፍታ አየችኝ። «አባባ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼም አላውቅ። እዚህ የምንጽፈውን ለማንም አናሳይም። የናንተን ስም ማን አንብቦት ምን ያደርገዋል?»

«አሁን አንቺ ጮክ ብለሽ ጠራሽኝ እኮ።»

«ስለማትሰሙ ነዋ! ቀስ ብዬ ስጠራ ማንም አይመጣም!»

ከኋላዬ ሬያል ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ዘወር ስል ክሎቪስ በሩ ላይ ቆሟል፤ ባርኔጣው በእጁ ነው፣ ፊቱ ቀልቷል። መጥቶ ከጎኔ ቆመ፣ ትከሻው ትከሻዬን እስኪነካ። አዳራሹን አየና ዝቅ ባለ ድምፅ፦

«ሳቅ ሰማሁ» አለኝ። «ባንተ የሳቁ መስሎኝ ነው።»

«በጆሯችን ነው የሳቅነው።»

ለመውጣት ዞረ። ክንዱን ያዝኩት። ልጅቷ «ቀጣይ እሳቸው ናቸው?» አለች። ክሎቪስ እኔን አየ፣ በሩን አየ፣ ከዚያ ተቀመጠ። በርሜሉ ባዶ እንደሆነ፣ እህቱ ሰማንያ አራት ዓመቷ እንደሆነና እግሯን እንደሚያማት ሲነግራት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ስልክ አነሳች። «እንዲህ ላለው ተራ አንጠብቅም» አለች።

ፍሎሪን ጋ ስንመለስ ኮፍያዬን እስካወልቅ አልጠበቀችኝም።

«ስምህን ጠሩት?»

«በጩኸት።»

«ማን ነበር?»

«ሬያል። የነሎሬት ቤት ሰዎች። የወፍጮ ቤቱ መበለት።»

«ሳቁ?»

«ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።»

የጋዜጣውን ቅርጫት ከጎኗ ገፋችው።

«አባቴ አልሳቀም» አለች። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞራ፦ «ክሎቪስ፣ የናፍጣው ቱቦ በሚገባበት በኩል ያለውን በረዶ ጥረግ።»

ናፍጣው ከመቀዳቱ በፊት ማሞቂያውን የሚያይ ባለሙያ ላኩ። ምድር ቤት ወርዶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ፊቱ ጥሩ አልነበረም። የማሞቂያው ብረት ተሰንጥቋል፤ ቢለኮስ የጭሱ መርዝ ወደ ክፍሎቹ ይገባል። ቀይ ካርድ አንጠልጥሎበት ዘጋው። አዲስ ይገባላችኋል፣ እሱንም እርዳታው ይከፍለዋል፤ እስከዚያ ግን እዚህ ቤት ማንም እንዳያድር አለ። ክሎቪስ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ጀሪካን እየተሸከመ ያችን የተሰነጠቀች ነገር ሲያበላ ነበር የከረመው፤ ገንዘቡ ባያልቅበት ኖሮ ሁለቱም በተኙበት ይቀሩ ነበር።

ወደ እኔ ቤት አመጣኋቸው። ፍሎሪንን በኤርሚን አልጋ ላይ አስተኛኋት። ክሎቪስ ሶፋው ላይ ሆነ። በማግሥቱ የእኔ ድርሻ ናፍጣ መጣ። በርሜሌ እንዲያ ረዝሞ ሲያፏጭ ሰምቼ አላውቅም።

«ሰው ሁሉ ሰማ» አለች ፍሎሪን ከአልጋዋ።

«ይስማ።»

«ሙቀቱን ቀንሰው። ታባክናለህ።»

አልቀነስኩም። ቤቱ ሞቀ። ቤቱ ሲሞቅ እግሯ ተነሳባት። ብርዱ አደንዝዞት የኖረው ሕመም ነበር። ጥርሷን ነክሳ ትውላለች፤ ካልሲዋን ግን ለማንም አላወልቅም አለች። በመጨረሻ ክሎቪስ ለምኖ አወለቀላት። ጣቶቿ ጠቁረዋል፤ ተረከዟ ላይ የቆየ ቁስል አለ። ክሎቪስ መልሶ ሸፈነው፣ እንዳላየ ሆኖ።

«ለነርሷ አንድ ቃል እንዳትተነፍሱ» አለችን።

ነርሷ ጋየታን በቀጠሮዋ ቀን መጣች። ማዶ ሄዳ አዲሱን ማሞቂያ እየገጠሙ መዶሻ ከሚመቱት ሠራተኞች በቀር ማንንም ስታጣ የእኔን በር አንኳኳች። በዚህ ጊዜ ካልሲው ወለቀ፤ ሽታው አስገድዷት ነበር። ጋየታን ተንበርክካ ብዙ አየችው።

«ይሄ ቁስል የከረመ ነው» አለች። «ባለፈው አላወልቅም ያሉኝ ለዚህ ነው? እትዬ ፍሎሪን፣ እዚያ ቤት ይበርድዎት ነበር?»

«ሞቃት ነበር። አንቺ ራስሽ ተቀምጠሽበታል፣ ሲስተር።»

ጋየታን ክሎቪስን አየችው። ክሎቪስ ወለሉን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እርስዎ ማዶ ለማዶ ነው የሚኖሩት። ቤቱ ሞቃት ነበር?»

ፍሎሪን ዓይኗን ተከለችብኝ። ምን እንድል እንደምትፈልግ አውቃለሁ። አንድ ቃል ነው፤ ቀላል ቃል። ያን ቃል ብል ቤቷ ትቀራለች፤ ቁስሉም አብሯት ይቀራል።

«አልነበረም» አልኩ። «ውሃ በባልዲ ይረጋ ነበር። አንቺ በምትመጪበት ቀን ወንበር እየሰበሩ ያነዱ ነበር። ምን እንዳደረጋት ካላወቅሽ መድኃኒቱንም አታውቂውም።» በመስኮቱ ወደ ማዶ አመለከትኩ። «አሁን ግን አዲስ ማሞቂያ እየገባ ነው። መዶሻውን ሰምተሻል።»

ጋየታን ቁስሉን አጥባ ጠቀለለችው። እጇን ስትጠርግ፦

«በየቀኑ ይታጠባል» አለች። «እየባሰ ከሄደ ሆስፒታል ነው፤ ምርጫ የለም። ቤቱን ደግሞ ሰኞ አያለሁ። ሰዓቱን አልናገርም። ወንበር እንዳታነዱልኝ።»

«የቀሩን ሁለት ናቸው» አለ ክሎቪስ።

ነርሷ ስትወጣ ፍሎሪን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ያን ሰውዬ ከዚህ ክፍል አስወጣልኝ» አለችው ለወንድሟ።

ክፍሉ የእኔ ነበር። ወጣሁ። በኋላ በበሩ በኩል ስታለቅስ ሰማኋት። ሰማንያ ዓመት ሙሉ ስታለቅስ የሰማት ሰው ያለ አይመስለኝም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ናፍጣው ተቀድቷል፣ ማሞቂያው ተለኩሷል። ክሎቪስ ሌሊቱን እንዳልተኛ ነገረኝ፤ እየተነሳ የማሞቂያውን ድምፅ ሲያዳምጥ ነው ያደረው። ሰኞ የጋየታንን መኪና በመስኮት ሳይ ተሻገርኩ። ማንም አልጠራኝም። ግን የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ውጤቱን ቆሜ መስማት ነበረብኝ። በሩ አጠገብ ቆምኩ።

ጋየታን በየክፍሉ ዞረች። መኝታ ቤት ገባች፤ ምድር ቤት ወረደች። በግድግዳው ሥር ያለውን የማሞቂያ ብረት በመዳፏ ነካችና እጇን ቶሎ አነሳች።

«ኮትሽን አውልቂ እንጂ» አለቻት ፍሎሪን። «እዚህ እንደ ቤተ ክርስቲያን የሚበርድ መሰለሽ?»

ጋየታን ኮቷን አውልቃ ከሁለቱ ወንበሮች በአንዱ ላይ አኖረችና እግሩን ፈታች። ክሎቪስ መስኮቱ ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጠን። ነርሷ በጣቷ እየጫነች «እዚህ ይሰማዎታል? እዚህስ?» ትላለች። ፍሎሪን «ይሰማኛል» ትላለች፣ «አዎ»፣ «ቀስ በይ እንጂ፣ ሊጥ አይደለም።» አንዱ ላይ ስትደርስ ዝም አለች። የሚቀጥለውም ላይ ዝም አለች።

«እነዚህ ሁለት ጣቶች ላይድኑ ይችላሉ» አለች ጋየታን። «ሐኪሙ ማየት አለበት። ተረከዙ ግን ጠርዙ ቀልቷል፤ ደም እየደረሰው ነው።»

«ቤቱስ?» አለ ክሎቪስ ሳይዞር።

«ቤቱ ሞቃት ነው። የማየውን ነው የምጽፈው። ለጊዜው እዚሁ ይቆያሉ።»

«ለጊዜው!» አለች ፍሎሪን። «ልጄ፣ በእኔ ዕድሜ ለጊዜው ያልሆነ ምን አለ?»

የክሎቪስ ትከሻ ሲወርድ አየሁት። ፍሎሪን እጇን ዘርግታ የነርሷን ክንድ መታ መታ አደረገችው። እኔን አንድ ጊዜም አላየችኝም፤ በሩ አጠገብ የቆመ ሰው እንዳለ ግን በደንብ ታውቃለች። የመጣሁበትን ሰምቼ ነበር። ኮፍያዬን አደረግሁ።

ክሎቪስ እስከ በረንዳው ተከተለኝ። በሸሚዝ ብቻ ነበር።

«አታነጋግርህም» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«እስከ ፋሲካ። ከዚያም ያልፍ ይሆናል። ታውቃታለህ።»

«ግድ የለም።»

«እኔ ግን…» አለና ቆመ። የበረንዳውን በረዶ በጫማው ገፋ። የሚያውቀው ሥራ ግንድ መቁረጥ ነው እንጂ ንግግር አይደለም።

«ግባ» አልኩት፣ «ሙቀቱ እየወጣ ነው።»

ዞር ብሎ የተከፈተውን በር አየ። ደንግጦ ገባና በላዬ ላይ ዘጋው።